ኢፒኪው ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ይጠቅማል ወይ? በሁለት ልጆቼ ያየሁትን መሠረት ያደረገ ግምገማ

በእንግሊዝ አገር የሚኖር ወላጅ ልጁ ሲክስዝ ፎርም (ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁት 12ኛና 13ኛ ዓመታት) በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ልጁ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ከሚፈተንባቸው ከሦስቱ የኤ ሌቨል ትምህርቶች በተጨማሪ ኤክስቴንድድ ፕሮጀክት ኳሊፊኬሽን የሚባለውን፣ በአጭሩ ኢፒኪው ተብሎ የሚጠራውን የምርምር ሥራ ይያዝ ወይስ ይተወው? በብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራው ግዴታ አይደለም። በወላጆች ምሽት ላይ ሲያስተዋውቁት ግን «ዩኒቨርሲቲዎች በጣም ይወዱታል» የሚል ቃል አይጠፋም። እኔ ይህን ቃል በሁለት የተለያዩ ዓመታት ሰምቻለሁ። ታላቋ ልጄ ሥራውን ጀምራ ጨርሳዋለች፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ጀምሮ በመካከሉ ትቶታል። ሁለቱም የወሰኑት ለየራሳቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለዚሁ ጉዳይ የሚጠይቁኝ እናቶችና አባቶች ስለበዙ፣ ያየሁትንና አንብቤ ያረጋገጥሁትን በአንድ ቦታ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ።

በኢትዮጵያ ተምሮ ላደገ ሰው ጉዳዩ ቶሎ የሚገባ አይደለም። በእኔ ጊዜ ሁሉን የሚወስነው የማትሪክ ውጤት ነበር። ልጅ ለብቻው ጥያቄ አንሥቶ፣ ማስረጃ ፈልጎ፣ ወራት የፈጀ ጽሑፍ ቢያዘጋጅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጨምርለት አንዳች ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ለፈተና መዘጋጃ ጊዜውን እንዳባከነ ይቆጠርበት ነበር። ስለዚህ ልጄ መጀመሪያ ስታማክረኝ «እሱን ትተሽ ኤ ሌቨልሽን አጥኚ» አልኋት። ይህ ምክሬ በከፊል ትክክል፣ በከፊል ስህተት እንደነበረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ልግለጽ። የእንግሊዝን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያጠና የተቋቋመው በሰር ማይክ ቶምሊንሰን የሚመራ ቡድን በ2004 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሪፖርት፣ ተማሪዎች ራሳቸው መርጠው የሚሠሩት አንድ ሰፊ ፕሮጀክት እንዲኖራቸው ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ኢፒኪው የመጣው ከዚያ ሐሳብ ነው። ዛሬ ከአንድ በላይ የፈተና ድርጅቶች ይሰጡታል፤ የእኔ ልጆች የተመዘገቡበት በስፋት የሚታወቀው የኤኪውኤ ነው። ክብደቱ የአንድ ኤ ሌቨል ግማሽ ሲሆን የታሰበለት ጊዜ 120 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 30 ሰዓቱ መረጃ ማፈላለግን፣ ምንጭ መጥቀስንና ጊዜ ማቀድን የሚያስተምሩ ክፍለ ጊዜዎች ሲሆኑ፣ የቀረው 90 ሰዓት ልጁ ለብቻው የሚሠራበት ነው። ተማሪው 5,000 ቃል ያህል ያለው የምርምር ጽሑፍ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ አለዚያም አንድ የተሠራ ነገር፣ ለምሳሌ ሞዴል፣ አጭር ፊልም ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ቢያንስ 1,000 ቃል ካለው ጽሑፍ ጋር ያቀርባል። በመጨረሻም ለጉዳዩ ባለሙያ ባልሆኑ ሰዎች ፊት ሥራውን ያስረዳል፤ ለሚቀርብለት ጥያቄም መልስ ይሰጣል። ርዕሱ በኤ ሌቨል ትምህርቱ ውስጥ ከሚማረው ጋር መደራረብ የለበትም።

ወላጆች አጥብቀው እንዲያስተውሉት የምፈልገው ነገር ግን ማርኩ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። ከ50 ማርክ ውስጥ ፕሮጀክቱን ማዳበርና ከፍጻሜ ማድረስ የሚይዘው 20 ነው። የቀረው 30 ማርክ እኩል በሦስት ይከፈላል፤ 10ሩ ሥራውን ማቀድና መምራት፣ 10ሩ ምንጮችን መርጦና መዝኖ መጠቀም፣ 10ሩ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ራስን መገምገም ነው። ይህ ሁሉ የሚታየው ፕሮዳክሽን ሎግ በሚባለው መዝገብ ላይ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ምን እንዳሰበ፣ ለምን እንደቀየረ፣ የትኛውን ምንጭ ለምን እንደጣለ፣ በመካከል ምን እንደተበላሸበትና እንዴት እንዳስተካከለው ይጽፍበታል። እጅግ ያማረ ጽሑፍ አዘጋጅቶ መዝገቡን በመጨረሻው ሳምንት ከጭንቅላቱ አውጥቶ የሚሞላ ልጅ ከፍተኛ ውጤት ሊያገኝ አይችልም። በአንጻሩ መልሱ ባልጠበቀው መንገድ የወጣበት ልጅ፣ የሆነውን ሁሉ በሐቅ ከመዘገበ ጥሩ ውጤት ያገኛል። ስህተትን መደበቅ ሳይሆን መዘርዘር ማርክ የሚያስገኝበት ሥራ በትምህርት ቤት ሕይወቴ ገጥሞኝ ስለማያውቅ ይህን መረዳት ጊዜ ወስዶብኛል።

አሁን ወደ ማመልከቻው እንምጣ። ጥቅሙ የሚመዘንባቸው ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች አሉ፤ ትምህርት ቤቶች ሲያስረዱ ሁለቱን ስለሚቀላቅሏቸው ብዙ ወላጅ ይደናገራል። የመጀመሪያው የዩካስ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚያልፍበት ድርጅት፣ ነጥብ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ኤ ስታር ያመጣ ኢፒኪው 28 ነጥብ፣ ኤ 24፣ ቢ 20፣ ሲ 16 ያስገኛል፤ በኤ ሌቨል ደግሞ ኤ ስታር 56፣ ኤ 48፣ ቢ 40 ነው። ይህን ያየ ወላጅ በቀላሉ አንድ ስሌት ይሠራል፤ «ልጄ በኢፒኪው ምክንያት አንዱ ኤ ሌቨል ከኤ ወደ ቢ ቢወርድበት የሚያጣው 8 ነጥብ ነው፤ በኢፒኪው ኤ ቢያመጣ ግን 24 ያገኛል፤ ስለዚህ አትራፊ ነው» ይላል። ስሌቱ በነጥብ ለሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራል። ብዙ ወላጆች የሚመኟቸው ዩኒቨርሲቲዎች ግን የሚጠይቁት ድምር ነጥብ ሳይሆን በሦስት ኤ ሌቨል የተወሰነ ግሬድ ነው። «ሦስት ኤ አምጣ» ላለ ዩኒቨርሲቲ የ24 ነጥብ ትርፍ ዋጋ የለውም፤ የጎደለው አንድ ግሬድ ግን በሩን ሊዘጋ ይችላል።

ሁለተኛው ሚዛን አማራጭ ኦፈር ነው፤ ኦፈር ዩኒቨርሲቲው «ይህን ውጤት ካመጣህ እቀበልሃለሁ» የሚልበት ነው። እንደ ሳውዝሃምፕተንና በርሚንግሃም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በበርካታ የትምህርት ዘርፎቻቸው በኢፒኪው ኤ ለሚያመጣ አመልካች ከተለመደው ኦፈር በአንድ ግሬድ ዝቅ ያለ አማራጭ ይሰጣሉ። ይህም ማለት ሦስት ኤ የሚጠየቅ ተማሪ ሁለት ኤ፣ አንድ ቢና በኢፒኪው ኤ ይዞ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። በዘርፍና በዓመት ስለሚለያይ፣ ልጁ የሚያመለክትበትን ዘርፍ ገጽ በዚያው ዓመት ማንበብ የግድ ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ደግሞ ኢፒኪውን የኦፈራቸው ቅድመ ሁኔታ አያደርጉትም፤ የሚያስገኘውን የምርምር ልምድ ግን በመልካም ያዩታል፤ ተማሪው በማመልከቻውና በቃለ መጠይቁ እንዲጠቀምበትም ያበረታታሉ። እንግዲህ «ዩኒቨርሲቲዎች ይወዱታል» የሚለው ቃል ለአንዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግሬድ ማለት ሲሆን፣ ለሌላው ሁለት ጥሩ ዐረፍተ ነገር ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ይህን ተለይቶ እንዲነገረው መጠየቅ ይገባዋል።

ልጄ ሥራውን የጀመረችው በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ 12ኛ ዓመት ላይ ሳለች ነው። ሕግ ለመማር ታስብ ነበር። የመጀመሪያ ርዕሷ «ከመቅደላ የተዘረፉት ቅርሶቻችን ሊመለሱ ይገባልን?» የሚል ነበር። እኔ ርዕሱን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከእሷ ጋር የመቅደላን ታሪክ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን አሟሟትና በ1879 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አርፎ በዊንዘር የተቀበረውን የልዑል ዓለማየሁን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ስናወራ ኖረናል። የኬሚስትሪ አስተማሪ የሆነው ተቆጣጣሪዋ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት። «መልሱን አሁኑኑ ታውቂዋለሽ፤ ታዲያ ምን ልትመረምሪ ነው?» አላት። ቤት መጥታ «እማዬ፣ ርዕሴ ርዕስ አይደለም አለኝ» ስትለኝ ሰውየው ታሪካችንን የናቀ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። ነገር ግን ትክክል ነበር። ስሜቷን የሚገልጽ ርዕስ ይዛ ነበር እንጂ የምርምር ጥያቄ አልነበራትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥያቄዋን አጠበበችው። የብሪቲሽ ሙዚየም በእጁ ያሉትን የመቅደላ ጽላቶች ላለመመለስ የሚያነሣው የ1963 እ.ኤ.አ. የሙዚየሙ ሕግ እውነተኛ መሰናክል ነውን? ይህ ጥያቄ ከ«ይመለሱ ወይስ አይመለሱ» ክርክር በጣም የተለየ ነው። የሕጉ ጽሑፍ በነጻ ይገኛል፤ አነበበችው። አምስተኛው አንቀጽ ባለአደራዎቹ ከስብስባቸው ዕቃ ማውጣት የሚችሉባቸውን ጥቂት ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ አንዱ ዕቃው በስብስቡ ውስጥ ለመቆየት የማይመጥን ሆኖ ሲገኝና መወገዱ የተማሪዎችን ጥቅም የማይጎዳ ሲሆን ነው። ሙዚየሙ ያሉት 11 ጽላቶች ደግሞ ለእይታ አይቀርቡም፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዐት በማክበር የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ማንም ሊያየውና ሊያጠናው የማይችል ነገር ቢወጣ የተማሪ ጥቅም እንዴት ይጎዳል? ክርክሩን አንዳንድ የሕግ ባለሙያዎች ቀድመው አንሥተውት እንደነበር ያወቀችው በኋላ ነው፤ ጥያቄው ግን የራሷ ነበር፤ ከእሷ ቀድመው መድረሳቸውንም በመዝገቧ ላይ ሳትደብቅ ጻፈችው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ራሱ ሳባት። በ1871 እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን በፓርላማ የተደረገውን ንግግር ከፓርላማው የንግግር መዝገብ ከሃንሰርድ አውጥታ አነበበች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ዕቃዎቹ ከመቅደላ በመምጣታቸው ማዘኑን የገለጸበት ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆልምስ የተባለውን ሠራተኛውን ከዘመቻው ጋር ልኮት እንደነበር ስታነብ፣ ሙዚየሙ ከወታደር እጅ በአጋጣሚ የደረሰው ዕቃ ብቻ እንዳልያዘ ገባት። በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. በለንደን ያለው የዌስትሚኒስተር አቢ ቤተ ክርስቲያን በመሠዊያው ውስጥ ያለውን ጽላት ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መመለሱ ተገቢ እንደሆነ በመርህ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ እሷ ዕቅዷን ጽፋ ገና መጨረሷ ነበር። በመጀመሪያ ሥራዋ የተበላሸባት መስሏት አለቀሰች። ተቆጣጣሪዋ ግን አቢውን የሚገዛው ሕግና ሙዚየሙን የሚገዛው ሕግ አንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አንድ አይደለም፤ አቢው በ1963ቱ ሕግ ሥር አይደለም። ያ ዜና ከሥራዋ አንድ ሙሉ ክፍል ሆነ። ስለ ጽላት ምንነትም ከቤተ ክርስቲያናችን ካህን ጋር ተቀምጣ ተነጋገረች፤ እሳቸው በአማርኛ የተናገሩትን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ እኔ ረድቻታለሁ። እርዳታዬንም መዝገቡ ላይ አስፍራዋለች፤ ደንቡ ከሌላ ሰው የተገኘ እርዳታ ሁሉ እንዲገለጽ ያዝዛልና።

የደረሰችበት መደምደሚያ እኔ የተመኘሁት አልነበረም። ሕጉ በእርግጥ ጠባብ በር እንዳለው፣ ነገር ግን በሩን የመክፈት ሥልጣኑ የባለአደራዎቹ እንደሆነና ፍርድ ቤት አስገድዶ ሊያስከፍታቸው መቻሉ አጠራጣሪ እንደሆነ ጻፈች። እኔ ጠንከር ብላ እንድትጽፍ ብፈልግም «ማስረጃዬ እስከዚህ ድረስ ነው የሚወስደኝ» አለችኝ። በዚያች ቀን ይህ ሥራ ለልጄ ምን እያደረገላት እንደሆነ ገባኝ።

ጽሑፏን ያስረከበችው በኅዳር ዙር ነው። ኤኪውኤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኖቬምበርና በሜይ ሥራ ይቀበላል፤ የኖቬምበሩ ውጤት በጃንዋሪ፣ የሜይ ደግሞ ከኤ ሌቨል ውጤት ጋር በኦገስት ይወጣል። ይህ የጊዜ ነገር ከርዕሱ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። በኖቬምበር የሚያስረክብ ልጅ ከ13ኛው ዓመት ገና በኅዳር ከሸክሙ ይገላገላል፤ ቀሪውን ዓመት ለኤ ሌቨል ያውላል። እስከ ሜይ የሚያዘገይ ግን ጽሑፉን፣ መዝገቡንና የቃል አቀራረቡን ከዋናው ፈተና ጥናት ጋር ይደራርባል። ለማመልከቻውም ቢሆን ሥራው አስቀድሞ ማለቁ ይጠቅማል፤ ልጁ «ልሠራ አስቤአለሁ» ሳይሆን «ይህን መርምሬ ይህን አገኘሁ» ብሎ ይጽፋል። ለኦክስፎርድ፣ ለካምብሪጅና ለአብዛኛው የሕክምና ትምህርት ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ቀን መሆኑን የሚያስታውስ ወላጅ ሥራው በበጋው ዕረፍት በአብዛኛው መገባደድ እንዳለበት ይረዳል።

ልጄ በጃንዋሪ ኤ አገኘች። ካመለከተችባቸው አምስት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል አንደኛ ምርጫዋ ያደረገችው ሁለት አማራጭ ያለው ኦፈር ሰጥቷት ነበር፤ ሦስት ኤ፣ ወይም ሁለት ኤና አንድ ቢ ከኢፒኪው ኤ ጋር። በኦገስት 2025 እ.ኤ.አ. ውጤቷ ሲወጣ ሁለት ኤና አንድ ቢ ነበር። ያን ጠዋት አልረሳውም። ኢፒኪው ባይኖራት ኖሮ ዩኒቨርሲቲው በደግነት ሊቀበላት ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ደጅ መጥናት ነበረባት። አሁን የሕግ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሁሉም ልጅ ይያዘው ብዬ እጽፍ ነበር። ወንድ ልጄ ግን ኢንጂነሪንግ ፈላጊ ነው፤ ሒሳብ፣ ፈርዘር ማትስ (ተጨማሪ ከፍተኛ ሒሳብ)፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ በድምሩ አራት ኤ ሌቨል ይዞ ነበር። እህቱ የሆነችውን አይቶ፣ እኔም ገፍቼው፣ እሱም ተመዘገበ። ርዕሱን ከተሰጠው ዝርዝር ውስጥ ነበር የመረጠው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለኅብረተሰብ ጥቅሙ ያመዝናል ወይስ ጉዳቱ የሚል። ጥያቄው የእሱ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ከአንድ ገጽ አላለፈም፤ ቅዳሜና እሁድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የሚያነበው ሲያጣ አየዋለሁ። በዚያው ሰሞን በፈርዘር ማትስ የክፍል ፈተና ወረደ። ያመለክትባቸው ዘንድ ያሰባቸውን የኢንጂነሪንግ ዘርፎች ገጾች አንድ በአንድ አብረን ስናነብ፣ አብዛኞቹ የሚጠይቁት በሒሳብና በፊዚክስ የተወሰነ ግሬድ ነበር፤ በኢፒኪው ግሬድ የሚቀንስ ከአምስቱ አንድ ብቻ አገኘን። በመጋቢት ሥራውን ተወው። ለውጤት ስላልተቀረበ በማመልከቻው ላይ የሚታይ ነገር የለም። የፈርዘር ማትስ ውጤቱም ተመለሰለት።

እሱ ባመለከተበት ዙር የዩካስ የግል መግለጫ ቅርጽ ተቀይሮ ነበር። ቀድሞ አንድ ወጥ ጽሑፍ የነበረው ከ2026 እ.ኤ.አ. ገቢዎች ጀምሮ ሦስት ጥያቄዎች ሆኗል፤ ይህን ዘርፍ ለምን ፈለግህ፣ የተማርኸው ትምህርት እንዴት አዘጋጀህ፣ ከትምህርት ውጭ ምን አደረግህ፣ ለምንስ ጠቀመህ የሚሉ ናቸው። ለሦስቱም በድምሩ 4,000 ፊደልና ምልክት ይፈቀዳል። ኢፒኪው የሠራ ልጅ ለሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው፤ ዘርፉን የነካ ርዕስ ከሆነ ለመጀመሪያውም ይረዳዋል። ነገር ግን ያልሠራ ልጅ የሚጽፈው አያጣም። የእኔ ልጅ የጎረቤታችንን የተበላሸ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመጠገን ያደረገውን ሙከራ፣ ባትሪው ለምን ቶሎ እንደሚሞት ለማወቅ የለካውንና የተሳሳተውን ጻፈ። ኦፈሮቹ መጥተውለታል፤ የኤ ሌቨል ፈተናውን እየጠበቀ ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ልብ የሌለው 5,000 ቃል ከዚያ የተሻለ ይሠራለት ነበር ብዬ አላምንም።

አገልግሎቱን እንደ አገልግሎት ስመዝነው ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ። ኢፒኪው ጥራቱ በትምህርት ቤቱ ላይ እጅግ ይወሰናል። ልጄ ያገኘችው ተቆጣጣሪ ስለ ሕግም ስለ ኢትዮጵያም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሥራውም ይህን አይጠይቅም። ነገር ግን በየሦስት ሳምንቱ ይገናኛት፣ መዝገቧን ያነብ፣ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ወንድሟ በዚያው ሲክስዝ ፎርም የተመደበለት ሌላ ተቆጣጣሪ ግን በሁለት ወር ያገኘው አንድ ጊዜ፣ ያውም ከአሥር ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ሊያስተምሩት ይገባ የነበረው የምርምር ክፍለ ጊዜም ብዙ ጊዜ ተሰርዟል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ የሠራተኛ እጥረት እንዳለ ተነገረኝ። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመመዝገቡ በፊት ሊነገረን ይገባ ነበር። የ120 ሰዓት ሥራ ለ17 ዓመት ልጅ ሰጥቶ ብቻውን መተው ትክክል አይደለም።

ይህን ክፍተት አይተው ለወላጅ የሚቀርቡም አሉ። ለበጋ የሚሆን የምርምር ፕሮግራም ነው ብሎ ከሺህ ፓውንድ በላይ የጠየቀኝ ድርጅት ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ኢፒኪው ለተማሪው በነጻ የሚሰጥ፣ በትምህርት ቤቱ ታርሞ በፈተና ድርጅት የሚረጋገጥና በዩካስ ላይ የሚመዘገብ ሆኖ ሳለ፣ ለማይመዘገብ የምስክር ወረቀት ያን ያህል ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት አልታየኝም። ሌላው አደጋ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጻፍ ነው። ከማሽን የተገኘን ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በፈተና ደንቡ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል፤ ለመጠቀም የተፈቀደው እንኳ መገለጽ አለበት። ይህ ሥራ ደግሞ ማታለልን የሚያጋልጥ ነው፤ ልጁ በሰዎች ፊት ቆሞ ስለ ጻፈው ሲጠየቅ ያልመረመረውን ሊመልስ አይችልም።

የኢፒኪው ተማሪዎች በኤ ሌቨልም የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ የሚያሳይ ጥናት አለ፤ የካምብሪጅ አሰስመንት ተመራማሪዎች ያወጡት ይጠቀሳል። ይህን የሚነግረን አስተማሪ ሊያሳስተን ፈልጎ አይደለም፤ ነገር ግን በፈቃዱ ተጨማሪ ሥራ የሚይዝ ልጅ ከመጀመሪያውም ትጉህ የመሆኑን ነገር ከሥራው ውጤት ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። በቤቴ ያየሁት ሁለቱንም ነው። ሴት ልጄ ዛሬ ምንጭ ስትጠቅስና ረጅም ጽሑፍ ስታቅድ ከጓደኞቿ ይልቅ እንደሚቀልላት ትናገራለች፤ ይህ ከኢፒኪው የመጣ ነው። ትጋቷ ግን ከዚያ በፊት ነበር።

ለእኛ ማኅበረሰብ አንድ ነገር ማከል እፈልጋለሁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንቴክስቹዋል ኦፈር የሚባል አሠራር አላቸው፤ በሚኖርበት ሰፈር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ልጆች ቁጥር አነስተኛ የሆነ፣ ነጻ የትምህርት ቤት ምሳ ያገኝ የነበረ ወይም ይህን የመሰለ ሁኔታ ያለበት አመልካች ኦፈሩ በአንድ ወይም በሁለት ግሬድ ዝቅ ሊልለት ይችላል። ከወገኖቻችን ልጆች ብዙዎቹ ይህ የሚገባቸው ናቸው፤ ወላጅ ግን ስለማያውቀው ወይም እንደ ነውር ስለሚቆጥረው አይጠይቅም። ነውር የለበትም። 120 ሰዓት የሚያስከፍል አንድ ግሬድ ከመፈለግ በፊት፣ ምንም ሰዓት የማያስከፍለውን ይህን ማረጋገጥ ይቀድማል። ሁለቱ በአንድነት ይሰጡ እንደሆነም ዩኒቨርሲቲውን በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ ጠይቄ በሳምንት ውስጥ ግልጽ መልስ አግኝቻለሁ። ሥራውን የያዘ ልጅ ደግሞ በዩካስ የትምህርት ማስረጃ ክፍል ውስጥ፣ ውጤቱ ገና ያልወጣ እንኳ ቢሆን፣ ማስገባቱን ወላጅ አብሮ ይመልከት። በግል መግለጫው ላይ ስለጻፈ ብቻ የተመዘገበ የመሰለው የአንድ ወዳጄ ልጅ አማራጭ ኦፈሩ ሳይመጣለት ቀርቷል።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። በሦስት ኤ ሌቨል የተረጋጋ፣ የሚያስጨንቀው የራሱ ጥያቄ ያለው፣ ብዙ ማንበብና መጻፍ የሚጠይቅ ዘርፍ የሚመኝ ልጅ ይያዘው፤ ያመለከተበት ዩኒቨርሲቲ ግሬድ ባይቀንስለት እንኳ የሚቀርለት አለ። አራት ኤ ሌቨል የያዘ፣ ወይም በአንዱ ትምህርት እየተንገዳገደ ያለ ልጅ አይያዘው። ሕክምና የሚያስብም በ12ኛው ዓመት መጨረሻ ለሕክምና መግቢያ ለሚሆነው ለዩካት ፈተና የሚያስፈልገውን ጊዜ አስቀድሞ ይቁጠር፤ ያንን ኢፒኪው አይተካለትም።

ሦስተኛዋ ልጄ በመጪው መስከረም ሲክስዝ ፎርም ትገባለች። በወላጆች ምሽት ለአስተባባሪው የማቀርባቸውን ጥያቄዎች ከወዲሁ ጽፌአቸዋለሁ። ተቆጣጣሪው በየስንት ሳምንቱ ያገኛታል? የ30 ሰዓቱ ትምህርት በመደበኛ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ አለ ወይስ በምሳ ሰዓት ነው? የሚረከበው በኖቬምበር ነው ወይስ በሜይ? ርዕስ ከዝርዝር ትመርጣለች ወይስ ራሷ ታመጣለች? እስከ የካቲት ድረስ ጥያቄዋ ካልያዛትስ፣ እንደ ወንድሟ ያለ ወቀሳ መተው ትችላለች?